ሞተሩ ይጮኻል፤ የኋላ ጎማው ግን አይሄድም

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይቋጥራል። በበጋ ድርቆሽ የሚታጨድበት መሬት ረግረግ ይሆናል፤ ጥቁሩ መረሬ አፈርም የያዘውን ጫማና ጎማ በቀላሉ አይለቅም። በእንዲህ ያለ ማለዳ አንዲት የተዳቀለች የወተት ላም የድራት ምልክት ካሳየች፣ ማለትም ደጋግማ ከጮኸች፣ ሌሎች ላሞች ሲወጡባትም ሳትሸሽ ቆማ ከጠበቀች፣ ባለቤቷ ስልክ የሚደውለው ለአዳቃይ ቴክኒሻኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተቆጠረ ነው። የድራት ጊዜው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ቢቆይ ነው፤ በአገር ዝርያ ላሞች ከዚህም ሊያጥር ይችላል። ባለሙያዎች ጠዋት የታየችውን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት የሚያዳቅሉት ለዚህ ነው። ጊዜው ካለፈ ቀጣዩ ዕድል የሚመጣው ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ላሟ ፉርሽካውንና ድርቆሹን ትበላለች፤ ጥጃውና ወተቱ ግን በዚያው ልክ ይዘገያሉ።

ቴክኒሻኑ የኮርማውን ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይዞ ይነሳል። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሞተር ሳይክሉ ይለግማል። ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይጮኻል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ክትባት በበረዶ ሳጥን የያዘ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ማሳ ሊጎበኝ የወጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ወተት ጭኖ ወደ መሰብሰቢያ የሚሮጥ አርሶ አደርም ይህን ችግር ያውቁታል።

ችግሩ ሲያጋጥም በብዙዎች አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ሞተሩ ሞቷል» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልሞተም። የሚጮኽ ሞተር ጉልበት እያመነጨ ያለ ሞተር ነው፤ ጠፍቶ ያለው ጉልበቱ ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ከውጭና ከርካሹ ጀምሮ መፈተሽ የለመደ ሰው፣ በአንድ ቁጥር 10 ቁልፍ የሚስተካከለውን ነገር ብሎ ሞተር አያስከፍትም።

ሱሉልታ በጎጃም፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ አዲስ አበባን ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ያዋስናሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተደራጅተዋል። የከተማ ስም ቢይዙም ዙሪያቸው ላምና ማሳ ነው፤ ባለሙያው ከአስፋልቱ ወርዶ የሚሄድበት መንገድም ያው የገጠር መንገድ ነው። በሱሉልታ ጭቃና ዳገት፣ በቡራዩ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆም ሄድ ማለት፣ በሰበታ በኩል ደግሞ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ያለው ድንጋይና የበጋ አቧራ፣ እያንዳንዳቸው ሞተር ሳይክሉን የሚጎዱበት ቦታ የተለያየ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉም ይታወሳል። በመሆኑም የተበላሸውን ሞተር ሳይክል ይዞ መርካቶ መግባት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄደው የተበላሸው ዕቃ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ደግሞ ከመሄድ በፊት መታወቅ አለበት።

ለምርመራው የጉልበቱን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዋና ዘንግ ጉልበቱን በጥርስ ለፍሪሲዮኑ ያቀብላል። ፍሪሲዮኑ ሸራ ያላቸውና ባዶ የሆኑ የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነው፤ ሞላዎች እርስ በርስ አጥብቀው ይጫኗቸዋል። በግራ እጅ ያለው የፍሪሲዮን እጀታ ሲጨበጥ የሞላዎቹ ጫና ከዲስኮቹ ላይ ይነሳና ዲስኮቹ ይለያያሉ፤ ሲለቀቅ ይጣበቃሉ። ከፍሪሲዮኑ ጉልበቱ ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከካምቢዮ በፊተኛው ስፕሮኬት፣ ማለትም ካቴናው በሚያርፍበት ትንሹ ባለጥርስ ክብ በኩል ይወጣል። ካቴናው ወደ ኋለኛው ትልቁ ስፕሮኬት ያደርሰዋል፤ ስፕሮኬቱ ደግሞ ለጎማው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ መንሸራተት ወይም መበጠስ ካለ ጩኸቱ ይቀራል፣ ጉዞው ይጠፋል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ጩኸቱን ከፍ ያደርጋል ወይስ እሱም ራሱ ይታፈናል? የሚታፈን ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ ካንዴላው፣ ካርቡሬተሩ፣ የነዳጅ ቧንቧው ወይም የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ይታያል። እዚህ ላይ የሱሉልታን ከፍታ መርሳት አይገባም። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ በመሆኑ አንድ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። በቆላ አካባቢ የሠራ ባለሙያ ወደ ሱሉልታ ተዛውሮ «ይህ ሞተር ሳይክል ደካማ ነው» ቢል፣ ግማሽ ጥፋቱ የተራራው ነው።

ሞተሩ ጩኸቱን ከፍ እያደረገ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ምርመራው ከእጀታው ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ በጣት ሲነካ፣ ሽቦው ከመወጠሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በነፃ መንቀሳቀስ አለበት። የአንድ ጣት ውፍረት እንደማለት ነው። ይህ ክፍተት ከሌለ፣ አሽከርካሪው እጁን ቢያነሳም ሽቦው ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ጨብጦ ይዞታል ማለት ነው። ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ አይጣበቁም፤ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይና ጭነት ሲኖር ግን ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ሸራቸው ይቃጠላል። የፍሪሲዮን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ይህ ክፍተት በራሱ እየጠበበ እንደሚመጣ ብዙ አሽከርካሪ አያውቅም። ስለዚህ ዓመት በፊት በትክክል የተስተካከለ ሽቦ ዛሬ የጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ አለ። አንዱ እጀታው ሥር ያለው በእጅ የሚዞር ብሎን ነው፤ ሌላው ሽቦው ሞተሩ ጋ በሚደርስበት ቦታ ያለው ባለ ሁለት ዳዶ ማስተካከያ ነው። የላይኛው ተሟጥጦ ከወጣ መልሶ አስገብቶ በታችኛው ማስተካከል ይመረጣል። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ ሲዞር ሽቦው እንዳይወጠር ማየት ተገቢ ነው፤ አንዳንዴ ጥፋቱ ሽቦው ባልሆነ ቦታ በመታሰሩ ብቻ ነው። የዛገና በጭቃ የተያዘ ሽቦም እጀታው ሲለቀቅ ወደ ቦታው አይመለስም። በዘይት ታጥቦ ካልለሰለሰ መቀየር ነው፤ ከሞተር ሳይክሉ መለዋወጫዎች መካከል ከርካሾቹ አንዱ ይኸው ሽቦ ነው።

ከሽቦው ቀጥሎ የኋላ ፍሬን ይፈተሻል። ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ ሞተር ሳይክሉ ሲገፋ በቀላሉ መንከባለል አለበት። የማይንከባለል ከሆነ የሚይዘው ፍሬኑ ሊሆን ይችላል። በታምቡር ፍሬን ውስጥ መረሬ ጭቃ ገብቶ ሲደርቅ፣ ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ ሲዝግ፣ ወይም ፔዳሉ ያለ ክፍተት ሲታሰር ሸራው ታምቡሩን እንደነካ ይቀራል። አጭር መንገድ ተሂዶ ሲቆም የኋላው ታምቡር ከፊተኛው ይልቅ የጋለ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው፤ እጅን በቀጥታ ማሳረፍ ግን ያቃጥላልና ከአጠገቡ ሙቀቱን መለካት ይበቃል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩም ፍሪሲዮኑም ጤነኞች ናቸው፤ እየተጣሉ ያሉት ከፍሬኑ ጋር ነው። ችግሩ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ጤነኛውን ፍሪሲዮን ጭምር ይበላል።

ከዚያ ካቴናው አለ። ለግብርና ሥራ ታስበው ከተሠሩት ሞተር ሳይክሎች አንዱ የሆነው ያማሃ ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተዘጋ ነው። «ኤጂ» የሚለው መጠሪያው ራሱ ግብርናን የሚያመለክት ሲሆን፣ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ገበሬዎች በጭቃና በአቧራ ውስጥ እንዲነዱት ታስቦ የተሠራ ነው። አሁን በየመንገዱ የሚታዩት አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ግን ካቴናቸው ግማሽ በግማሽ የተጋለጠ ነው። ጭቃውና አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ያለቀ ካቴና የሚታወቀው በኋለኛው ስፕሮኬት ጀርባ ላይ ተይዞ ወደ ውጭ ሲሳብ ነው። ከጥርሱ ግማሽ ያህሉ እስኪታይ ከተነሳ ካቴናው ረዝሟል፤ ማጥበቅ አያድነውም። የስፕሮኬቱ ጥርሶች እንደ ማጭድ ወደ አንድ በኩል ተቆልምመው ከሾሉም አልቀዋል። በእንዲህ ያለ ስፕሮኬት ላይ ካቴናው ጉልበት ሲበዛበት ጥርስ እየዘለለ ያልፋል፤ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅና በዳገት ላይ የሚሰማ መንጠቅ አለው። አዲስ ካቴና ባረጀ ስፕሮኬት ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌው ጥርስ አዲሱን ካቴና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱን ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ስፕሮኬቶችና ካቴናው በአንድ ላይ ይቀየራሉ። የካቴናው መሐል ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ የሚኖረው መላላት እንደ ሞተር ሳይክሉ ዓይነት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። የካቴናው መጋጠሚያ ቅንጥብ ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ሲነካው ይፈለቀቃል፤ ካቴናውም መንገድ ላይ ይቀራል።

ጎማው ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምርመራው ሌላ መልክ ይይዛል። ሞተር ሳይክሉ በመሐል ማቆሚያው ተደግፎ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ሞተሩ ተነስቶ አንደኛ ማርሽ ይገባና ፍሪሲዮኑ በዝግታ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ጣት፣ ነጠላ፣ የጋቢ ጫፍም ሆነ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ከካቴናው አጠገብ መድረስ የለበትም፤ በሚዞር ካቴና ጣት ይቆረጣል። ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል። ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ እየዞረ ፊተኛው ስፕሮኬት ካልዞረ የስፕሮኬቱ የውስጥ ጥርስ ተፍቋል፣ ወይም የሚይዘው ብሎን ወድቋል። ስፕሮኬቱና ካቴናው እየዞሩ ጎማው ከቆመ ችግሩ በኋለኛው ስፕሮኬትና በጎማው መካከል ያሉት ብሎኖችና ላስቲኮች ላይ ነው። ዘንጉ ራሱ ካልዞረ ጉዳዩ ውስጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በማቆሚያ ላይ የተነሳ ጎማ ጭነት የለበትም። ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን እንኳ እንዲህ ያለውን ጎማ ያለ ችግር ያሽከረክረዋል። ስለዚህ ይህ ፈተና የተበጠሰን ነገር ያሳያል እንጂ የሚንሸራተትን ፍሪሲዮን አያሳይም። መንሸራተቱ የሚታወቀው ጭነት ሲኖር ነው። ሰው በማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዙ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ በአንዴ ሲሰጥ፣ የሞተሩ ድምፅ ዘሎ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የሽቦው ክፍተት ተስተካክሎም ይኸው ከቀጠለ መክፈት የግድ ይሆናል።

ከመክፈት በፊት ግን ዘይቱ ይጠየቅ። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው የሚዘጋጁ አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ንጥረ ነገር አላቸው። ለመኪና ጥሩ ነው፤ መኪናው ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነውና። በሞተር ሳይክል ግን ዲስኮቹ እርስ በርስ መያዝ ሲገባቸው ያንሸራትታቸዋል። ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀ ዘይት በዕቃው ጀርባ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል የደረጃ ምልክት አለው። ለጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ የተገዛ ዘይት ተርፎ ለሞተር ሳይክሉ ሲቀዳ ቁጠባ ይመስላል። መንሸራተቱ ዘይት ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዘይቱ ሲቀዳ የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ ሸራው መንደዱን ያሳያል።

መክፈቱ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚያሠራው ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ አይጎዳም። የሸራ ዲስኮቹ ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ ከመመሪያው ጋር ይነጻጸራል። በዓይን «ገና ነው» የሚባል ሸራ ከልኩ በታች ሊሆን ይችላል። ባዶዎቹ የብረት ዲስኮች ከጠቆሩ ወይም ሰማያዊ ከሆኑ ግለዋል፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲቀመጡ ካልተስተካከሉ ጠመዋል። ሞላዎቹም ይለካሉ፤ አጥረው ከተገኙ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሲቀየሩም ሁሉም በአንድነት ይቀየራሉ። አዲስ የሸራ ዲስክ ሳይገጠም በፊት በዘይት መነከር አለበት። ደረቁን የተገጠመ ሸራ በመጀመሪያው ዳገት ሊቃጠል ይችላል። ካምቢዮው ላይ የሚደርስ ብልሽት ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ማርሽ ገብቶ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ወይም ብረት የመፍጨት ድምፅ ካለ ግን ሳይነዱ ማስመርመር ነው።

የአነዳድ ልማድም ድርሻ አለው። ከእንጦጦ ሸንተረር ወዲያና ወዲህ በሚወጣው ዳገት ላይ እጀታውን ግማሽ ጨብጦ በነዳጅ ማስጮህ፣ ሰልፍ ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መጠበቅ፣ መረሬ ውስጥ የተቀረቀረን ጎማ በሞተር ብቻ ለማውጣት መታገል፣ ሦስቱም አንድ የሸራ ስብስብ በአጭር ጊዜ የሚጨርሱ ናቸው። ወርዶ ጭነቱን አራግፎ በአንደኛ ማርሽ እየገፉ ማውጣት ልብስ ያቆሽሻል፤ ፍሪሲዮን ግን ያተርፋል። ከኋላ ሰው አፈናጦ በሁለት በኩል የወተት ጀሪካን ማንጠልጠልም ሞተር ሳይክሉ ከተሠራበት ልክ በላይ ነው።

ይህ አመክንዮ ለሞተር ሳይክል ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የመውቂያ ማሽን ሞተሩ እየጮኸ ከበሮው ሲቀዘቅዝ፣ የሁለት ጎማ ትራክተር ሞተሩ እየሠራ ጎማው ሲቆም፣ አርሶ አደሩ መጀመሪያ ማየት ያለበት ቀበቶውን ነው። የላላ፣ ዘይት የነካው ወይም ጎኑ የተፋቀ ቀበቶ እንደ ተቃጠለ ሸራ ይንሸራተታል።

የወረዳና የክፍለ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። ሞተር ሳይክል ለባለሙያ ሲረከብ ቁልፉና ሊብሬው ይቆጠራሉ፤ የመመሪያ መጽሐፉ ግን የመዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የካቴናው ልክ፣ የሸራው ውፍረት፣ የዘይቱ ዓይነት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ለነዳጅ በጀት ሲያዝ ለአንድ ሽቦ፣ ለአንድ የካቴናና ስፕሮኬት ስብስብ፣ ለአንድ ዙር የሸራ ዲስክም ቢታሰብ፣ ሞተር ሳይክሉ ግዥ እስኪጸድቅ ድረስ መጋዘን ውስጥ አይከርምም። ለጥገና የሚጻፈው ደብዳቤም «ሞተር ሳይክሉ ስለተበላሸ» ከሚል ይልቅ ምርመራው የደረሰበትን ቢይዝ ዕቃ ገዢው ሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ አይመላለስም። «የሽቦው ክፍተት ተስተካክሏል፣ ፍሬኑ ነፃ ነው፣ ካቴናው ደህና ነው፣ በአራተኛ ማርሽ ይንሸራተታል» የሚል አንድ መስመር ከሞተር ሳይክሉ ሞዴል ጋር ከተጻፈ፣ የሚገዛው የፍሪሲዮን ሸራና ሞላ መሆኑ ይታወቃል።